አባቷ የሞከሩት የአንገት ማዳመጫ

በገበያው ውስጥ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሁሉ "ሚዛን" ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት እሷም አታውቅም፤ ደስ ግን አይላትም። ሌላው ሰው ሚዛን ሲባል ፍርድ ነው የሚታየው፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጫንበት የሚውለው ነው የሚታያት።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ የስልክ መስታወት ትለጥፋለች፣ ከቨር ትሸጣለች፣ "ቻርጅ አላደርግ አለኝ" እያለ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስልክ ቀዳዳውን በመርፌ ጫፍ ታጸዳለች። ከቀዳዳው የሚወጣው ብናኝ ብቻውን ትራስ ይሞላል። ማታ ደግሞ ትሞክራለች። የሱቁ ባለቤት አከፋፋይ ነው፤ አዲስ ዕቃ በብዛት ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና ያስመጣና ለእሷ ይሰጣታል። እሷ ቤቷ ወስዳ እንደማንኛውም ሰው ትኖርበታለች፦ ከቁልፍ ጋር ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች፣ ሳሙና በነካው እጇ ትይዘዋለች፣ ትጥለዋለች፣ ትረግጠዋለች፣ ትረሳዋለች። ከዚያ ወይ "ይምጣ" ወይ "ይቅር" ትላለች። አከፋፋዩም ከዚህ ሌላ አይጠይቃትም።

"ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" የሚለው ተረት ከአፏ አይጠፋም። ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር አታምንም። ስልክ አራት ጊዜ ይሞላል የተባለ ፓወር ባንክ አንዱን ስልክ እንኳ አጋምሶ ሲሞት ስላየች፣ የካርቶን ቁጥር ለእሷ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያ ወፍራም ጎማ ከቨር ስልኩን እንደ ጡብ ከማክበዱ በቀር፣ ስልኩ በአፍጢሙ የወደቀ ዕለት የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይሆናል። መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው የስልክ መያዣ ታማኝነቱ ፀሐይ እስክትወጣ ነው። ገመድ አልባው ቻርጀር ከመሙላቱ ማሞቁ ይብሳል፤ በብርድ ጠዋት እጅ ማሞቂያ ይሆናል፣ ይህን ግን ለደንበኛ አትናገርም። እሷ ከሁሉ የምታከብረው ተራውን ገመድ ነው፤ በክር የተሸፈነውን፣ አንገቱ ላይ የጠነከረውን። ስለ እሱ የሚጠይቃት ሰው ግን የለም። ሰው የሚጠይቀው መብራት ስላለው ነገር ነው።

ጎረቤቶቿ "ታድለሽ፣ በየሳምንቱ አዲስ ነገር!" ይሏታል። እሷ ግን ታክቷታል። ቤቷ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እንግዳ ነው፤ እጇ ለምዶት ሳይጨርስ ይመለሳል። የወደደችውን የንባብ መብራት ሰኞ ዕለት መልሳ፣ ማክሰኞ በጨለማ ግድግዳውን ስትዳብስ ራሷን አግኝታለች። ስንቱን የጆሮ ማዳመጫ ስትሰካና ስትነቅል ጆሮዋ ውስጡ ቆስሏል። ከአልጋዋ ራስጌ ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ሲበሩ ያድራሉ፤ ሁሉም ሙሉ ናቸው፣ ባዶዋ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ተነስታ ደግሞ ትሄዳለች።

ባለፈው ወር ተሳስታለች። "ይምጣ" ያለችው ፓወር ባንክ በየደንበኛው ቦርሳ ውስጥ እንደ ሊጥ ያብጥ ጀመር። አከፋፋዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገርም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"የሆነው ሆነ" አላት። "ግን ዕቃ በቪዲዮ የሚገመግሙ ልጆች አሉ። በአንድ ቀን ይጨርሳሉ፣ ገበያም ይጠሩልኛል። አንቺ ሳምንት ትፈጂያለሽ። አንድ ጊዜ ብትደግሚው ለእነሱ ነው የምሰጠው፤ አንቺ ባንኮኒው ላይ ብቻ ትቀሪያለሽ።"

የባንኮኒው ደሞዝ የቤት ኪራይ ይከፍላል። የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዛው ግን የሙከራው ነው። ስለዚህ ሚዛን ቀጣዩን ናሙና የተቀበለችው እጇ እየከበዳት ነበር።

ናሙናው የአንገት ማዳመጫ ነበር። እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት የታጠፈ ነገር ነው፤ አንገት ላይ ይቀመጥና ሁለት የጆሮ ጉጦች በቀጭን ገመድ ይወጡለታል። ፊት ለፊቱ ትንሽ ማይክ አለው። ጆሮው ለከበደ ሰው በዙሪያው ያለውን ድምፅ ያጎላል፣ ስልክ ሲደወልም ያቀብላል ተብሏል። እሷ ጆሮዋ ቢቆስልም ደህና ይሰማል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ መሞከር ያለበት የማይሰማ ሰው ነው። እሱም ቤቷ አለ።

አባቷ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የጨረሱ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን ማሽኑ በላው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእሷ ጋር ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ሚዛን ጠዋት ስትወጣ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች፣ ማታ ስትገባ ራት ታቀርብላቸዋለች፣ ከዚያ ወደ መጋረጃዋ ጀርባ ትገባለች። ከእሳቸው ጋር መጫወት ማለት መጮህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስትነዛነዝ የዋለች ሴት ደግሞ ለመጮህ የሚተርፍ ጉልበት የላትም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዝምታውን ለመዱት። ክፋት አልነበረበትም፤ ድካም ነው።

የሙከራ ደንብ አላት፦ ዕቃውን ሌላ ሰው ላይ ስታደርግ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምትፈትነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፣ አምፖሉን አበራች፣ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አድርጋ ጉጦቹን ጆሯቸው ውስጥ ከተተች። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫነው አራት ትናንሽ መብራቶች በሩ።

ሽማግሌው እጃቸውን ሰደድ አድርገው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

"አባባ፣ ይሰማዎታል?" አለች፣ ሳትጮህ።

"ይሰማኛል።" ፊታቸው በራ።

"ዛሬ መንገዱ ላይ ምን አዩ?"

"አንድ ሰውዬ ፍሪጅ በብስክሌት ጭኖ አለፈ። ፍሪጁ ከሰውዬው ይከብዳል። ዳገቱ ላይ ፍሪጁ ነው ሰውዬውን የጎተተው።"

ሚዛን ሳቀች። ስትስቅ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ድምፄስ? ጥርት ይላል?"

አባቷ እንደ አዋቂ አሰቡበት። "በቀኙ ጥሩ ነው። በግራው ገና ነው። ነገ ደግመን እናየዋለን።"

በማግስቱ ግራው ተሻለና ቀኙ አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ደህና ሆኑ፤ "ግን ለረጅም ወሬ ይችል እንደሆን ማየት አለብን" አሉ። እናም ረጅም ወሬ አወሩ። በሽመና ክፍል ሰው ከሰው የሚግባባው በከንፈር እንደነበረ፣ አለቃቸውን ፊቱ ቆመው በከንፈር ሲሰድቡት እሱ ጥሩ ነገር እንደተባለ ሁሉ ራሱን ይነቀንቅ እንደነበረ ነገሯት። እናቷንም ያጯት በሁለት ማሽን ማዶ ሆነው፣ በከንፈር ብቻ ነው።

"ምን አለችዎት?"

"'መጀመሪያ የተበጠሰውን ክር ቀጥል' አለችኝ።"

ይህን ታሪክ ሚዛን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ራት ቀዝቅዞ፣ እግሯ አብጦ፣ እንደዚያው ተቀምጣ አመሸች። በየምሽቱም ስትገባ አራቱን መብራቶች ታያለች፤ አንዱም አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ አድርገውት የሚውሉት ዕቃ አንዲት ጠብታ አልቀነሰም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረባት። የማይቀንስ ባትሪ እንደሌለ ለስንቱ ደንበኛ አስተምራለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የመጨረሻውን ቃል ከመስጠቷ በፊት ዕቃውን ራሷ ላይ አድርጋ ትፈትሸው ነበር፤ ጆሮዋ ስለቆሰለ ይህንንም ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏትም ነበር። ደስታና ድካም ሲገናኙ ሰው አይመረምርም።

በሳምንቱ መጨረሻ ለአከፋፋዩ የድምፅ መልእክት ላከች፦ "ይምጣ። አባቴ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ነው የሚያወሩት። ባትሪውማ ተአምር ነው።"

"እግዜር ይስጥሽ!" ብሎ መለሰ። "ነገ ጠዋት ለላኪዎቹ ክፍያውን እልካለሁ። በብዛት ነው የማስመጣው።"

ጠዋት ናሙናውን ለመመለስ ቦርሳዋን አንግባ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። አባቷ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት መንገዱን ያያሉ።

"አባባ፣ ማዳመጫውን ልወስደው ነው።"

መልስ የለም።

"አባባ!"

አሁንም የለም። ሚዛን ቦታዋ ላይ ቀረች። "አባባ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው" አለች፣ ጥርት አድርጋ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዞራ ፊታቸው ቆመች። ሲያይዋት ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ ኮሌታቸው ላኩ። ቀደመቻቸው። ኮሌታውን ገለጥ ስታደርገው ከአራቱ መብራቶች አንዱም አልበራም። ማዳመጫውን ነቅላ ራሷ ላይ አደረገችና ቁልፉን ተጫነች። ፉጨቱ ጆሮዋን ወጋት። ከፉጨቱ ሥር የገዛ ትንፋሿ እንደ መጋዝ ይፈገፍጋል፤ የመኪናው ድምፅ፣ የሰው ወሬ፣ የበሩ መንጓጓት ሁሉ አንድ ላይ ተቦክቷል። ወዲያው ነቅላ ጣለችው።

"ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው ያጠፉት?"

የአባቷ ዓይን ከንፈሯ ላይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከንፈሯ ላይ ነበር። የፋብሪካ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ አምፖል አብርታ፣ ፈተናውን ከነመልሱ ስትሰጣቸው የሰነበተችው ራሷ ናት።

"ከመጀመሪያው ቀን" አሉ። "ያፏጫል። ጥርሴን ሳይቀር ያመኛል። ስትመጪ በመስኮት ሳይሽ ብቻ ነው የማበራው።"

"ታዲያ ለምን አይነግሩኝም? ሥራዬ እኮ ነው! የምንበላው ከዚህ ነው!"

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። "ዕቃ ሲኖር ትቀመጫለሽ" አሉ። "ዕቃው ሲያልቅ ትሄጃለሽ። መጥፎ ነው ብልሽ በማግስቱ ትመልሽው ነበር። በጣም ጥሩ ነው ብልሽም ያው ነው። ምን ላድርግ? በግራው ገና ነው አልኩሽ።"

ሚዛን ተናደደች። ወዲያው ደግሞ አፈረች። ስልኳን አንስታ ወደ ደረጃው ወጣች። ዝም ብትል ዕቃው ተጭኖ ይመጣል፣ ጆሯቸው የከበደ የስንት ሰው አባትና እናት ኮሌታቸው ሥር ያጠፉታል። ብትናገር ደግሞ ምን እንደሚከተል ታውቃለች።

"ገንዘቡን ልከሃል?"

"ባንክ በር ላይ ነኝ" አለ አከፋፋዩ።

"እንዳትገባ። ተሳስቻለሁ። ዕቃው አይረባም፤ አባቴ አጥፍተውት ነው የከረሙት።"

"አጥፍተውት? ባትሪው ተአምር ነው አላልሽኝም?"

"ያልሠራ ባትሪ ምን ይደክመዋል" አለችው።

የሰውዬው ድምፅ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። "ገንዘቤን አትርፈሽልኛል፣ አመሰግናለሁ። ናሙና ግን ከእንግዲህ አልሰጥሽም። ልጆቹ ይሞክሩት። አንቺ ባንኮኒውን ያዢ።"

ልትከራከረው ፈልጋ ነበር። ያዳነችውን ገንዘብ፣ "ይቅር" ብላ ያስቀረችውን የቆሻሻ ክምር ልታስታውሰው አሰበች። አፏን ከፍታ "እሺ" ብቻ አለች። ቀኑንም መስታወት ስትለጥፍ ዋለች፤ ሁለቱ ተንሻፈውባት ደግማ ለጠፈቻቸው። የሚመጣውን ወር መድኃኒት ከየት እንደምታመጣ ስታሰላው ዋለች፣ አልወጣላትም።

ሲመሻሽ ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ ሥር የሉም። አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯቸው ስበዋል። ጫማቸውን አላወለቁም። ሲተኙ ማንኮራፋታቸው ቤቱን ያናውጠዋል፤ አሁን ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። እንቅልፍ ወስዷቸው አይደለም። ልጃቸው ከእሳቸው ጋር ሳትቸገር አርፋ እንድትተኛ ነው የተኙት።

መጋረጃዋ እዚያው ነበር፣ አልጋዋም ከኋላው። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። ብትገባና ብትጋደም በዚህ ዓለም ላይ የሚወቅሳት ሰው የለም። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የአባቷን ጫማ ቀስ ብላ አወለቀችላቸው፣ የራሷንም አወለቀች፣ ወንበሩንም ወደ አልጋው ጎተተችው። አምፖሉን ለማብራት መነሳት ነበረባት፤ አልቻለችም።

"አባባ" አለች ወደ ጀርባቸው፤ "ያ ሥራ ቀረ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ዕቃ የለም።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። ግማሽ ጨለማ ውስጥ ፊቷን ፈለጉ፤ ከንፈሯ አልታይ አላቸው። ሁልጊዜ "ይሰማኛል" ነበር የሚሉት፤ ለሐኪሙም፣ ለጎረቤቱም፣ ለእሷም።

"አልሰማሁሽም፣ ልጄ" አሉ። "ጮክ በይ።"

ሚዛን ወንበሯን ጆሯቸው ድረስ አስጠጋችና በቀረላት ድምፅ ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።