ከጊዮርጊስ ጀርባ እስከ ባለ ቁልፉ ጠረጴዛ

ንጋት፣ ጊዮርጊስ ጀርባ

«የሚቆነጥጥ ነገር የሙዚቃ መሣሪያ አይባልም!» ይላሉ ጋሽ ንጉሤ፣ አንድ እግራቸው ካልሲ ለብሶ፣ አንዱ ባዶውን። «ፒያኖ ይመታል። ቁልፉን ትነኪያለሽ፣ መዶሻው ሽቦውን ይመታል፣ ሽቦው ይጮኻል፤ አለቀ! ያንቺው ምን ያደርጋል? ይቆነጥጣል። እኔ ተማሪ መታሁ እንጂ ቆንጥጬ አላውቅም።»

«ቆንጥጠውኛል እንጂ!» አለች ሩሐማ። «የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ። እዚህ ጋ።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻቸው፤ ምልክቱ እስካሁን ያለ ይመስል።

«ጣትሽን እንደ ቸርች ልጅ ዘርግተሽ ስለምትጫወቺ ነዋ!»

ጉዞው የተጀመረው እንዲህ ነው። ሌላ ተጓዥ ሲነጋ ሻንጣውን ይሸክፋል፤ እኛ ካልሲ እንፈልጋለን። ሌላው ጎንደር ይወጣል፣ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ እኛ ከጊዮርጊስ ጀርባ ተነስተን፣ በፒያሳ አድርገን፣ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው አቀበት ላይ እስካለ አንድ ኮሌጅ ድረስ ነው የምንሄደው። ፍየል ሳትደክም የምትጨርሰው መንገድ ነው። ፍየል ግን ኮሚቴ የለባትም።

ሩሐማ የጎረቤቴ ልጅ ናት። በዚያ ኮሌጅ ፒያኖና ሃርፕሲኮርድ ታስተምራለች። ሃርፕሲኮርድ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ አይፈር፤ ኮሌጁም አያውቅም። የፒያኖ ቅድመ አያት ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ውስጥ ያለች ትንሽ ጥፍር ሽቦውን ቆንጠጥ አድርጋ ትለቀዋለች። ጋሽ ንጉሤ ደግሞ ሩሐማን ከልጅነቷ ጀምሮ ፒያኖ ያስተማሯት፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይህን «ቆንጣጭ» ልትማር ጀርመን ከሄደች ወዲህ አኩርፈዋታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትቀጠር «የኪቦርድ መሣሪያዎች መምህርት» ተብላ ነበር። ዘንድሮ አንድ የአስተዳደር ሰው «መሣሪያዎች» የምትለዋ ቃል ትርፍ መስላ ታየችውና ሰረዛት። የኪቦርድ መምህርት ሆና ቀረች። ኪቦርድ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የጸሐፊነት ተማሪዎችን ታይፕ እንድታስተምር ተመደበች። አቤት አለች፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ ዘንድ ስህተት ብቻውን አይተውም፤ አጃቢ ይመደብለታል። ኮሚቴው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣል፤ «ሙያሽ ከሥር ጀምሮ ሙዚቃ መሆኑን የሚመሰክር አስተማሪሽን ይዘሽ ቅረቢ» ብሏታል። ጀርመናዊቷ አስተማሪዋ ጀርመን ናት። የቀሩት እኒህ ካልሲ የጠፋባቸው ናቸው። እኔ የተጠራሁት «ገጣሚ ስለሆንክ ሽማግሌ ማባበል ታውቃለህ» ተብዬ ነው። በግጥም የተባበለ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

«ጋሼ» አለች ሩሐማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ካልመጡ ከሰኞ ጀምሮ የማስተምረው ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ነው።»

የጋሽ ንጉሤ የግራ እጅ አራት ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ተራ በተራ ተንቀሳቀሱ። አየሁት፤ አልገባኝም።

«ስለ ፒያኖ ብቻ ነው የምናገረው» አሉ በመጨረሻ። «ስለዚያ ስለ ቆንጣጩ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።» ካልሲውም ከትራሱ ሥር ወጣ።

ፒያሳ፣ ቁርስ

ፒያሳ ሰፍታለች። መንገዱ፣ መብራቱ፣ የእግረኛው ንጣፍ፣ ሁሉም አዲስ ነው። የት እንደቆምኩ ለማወቅ ወደ ጊዮርጊስ ዞር ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ንጉሤ ግን አይዞሩም፤ ባዶ ቦታ እያሳዩ «እዚህ ጋ ነበር» ይላሉ። አንድ አበባ የተተከለበት ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ነበር ፒያኖው» አሉ፣ ወዲያው ደግሞ እንዳልተናገሩ ሆኑ።

አንዲት የተረፈች ቡና ቤት ገባን። ባንኮኒው ላይ ክርናችንን አስደግፈን ቆምን፤ መቀመጥ ለጎብኚ ነው። ማኪያቶ ሰባ ብር፣ ቦምቦሊኖ ሃምሳ። ቦምቦሊኖው ውስጡ ባዶ ነው፤ ለአየሩም ከፍለናል ማለት ነው።

ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ስል የማውቃቸውን የፒያኖ መምህራን ሁሉ «ከየት መጡ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። የሁሉም የሕይወት ታሪክ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። አንዱ ሞስኮ፣ ጋሽ ንጉሤ ቡልጋሪያ፣ አንዷ ጀርመን። ከአውሮፕላኑ በፊት የተወለደ የለም። እኔ በራሴ መንገድ ያጣራሁት ግን ይህ ነው፤ የአዲስ አበባ የፒያኖ መምህር ከሁለት ቤት ይወጣል፤ ወይ ከቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ከቡና ቤት። የቤተ ክርስቲያኑ ሲጠየቅ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ የቡና ቤቱ ቡልጋሪያን።

ሩሐማ አትደብቅም። «እኔ የመዘምራን ልጅ ነኝ» ትላለች፣ የማኪያቶውን አረፋ በማንኪያ እየለቀመች። «አንድ እግሩ የተሰበረ ኦርጋን ነበረን። አባቴ በብሎኬት ደግፎት ነው የተማርኩት። ጀርመን ስገባ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ‹ለምን ወደ ግራ ዘምመሽ ትቀመጫለሽ?› የሚል ነበር።»

«ያን ዘመም ያቃናሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«አልቃናም ጋሼ።»

«እርስዎስ?» አልኳቸው። «ከቡልጋሪያ በፊት?»

«ከቡልጋሪያ በፊት ልጅ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ቡልጋሪያን ይቀንሱልኝ» አለች ሩሐማ። «ከሥር ጀምሮ ነው የሚጠይቁት። እውነተኛውን ይንገሯቸው።»

«እውነተኛው ቡልጋሪያ ነው!» ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። ስኒዎቹ ተንጫጩ። አስተናጋጇ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉ ገላመጠችኝ።

ላዳዋ ውስጥ

«አራት መቶ» አለ ሹፌሩ።

«በእግራችን ብንሄድ ካንተ ቀድመን እንደርሳለን» አልኩት።

«እናንተማ ትደርሳላችሁ፤ ፋዘር ግን በከረቫት አቀበት ይወጣሉ? ሼም ነው። ሦስት መቶ፣ ግቡ።»

ገባን። የኋላው በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ መስኮቱ የሚወርደው በሹፌሩ ፈቃድ ነው። ስሙ ሙሌ ነው፤ ጸጉሩ ያለቀ፣ ወሬው ያላለቀ። የራስ መኮንን ድልድይ ጋ መንገዱ ተዘግቷል፤ ቁፋሮ አለ።

«በእሪ በከንቱ ጫፍ አድርጌ በአራት ኪሎ ልውጣ?» አለ።

ሩሐማ እኔን አየችኝ። ለአቤቱታ የሚሄድ ሰው በዚያ ሰፈር በኩል ባያልፍ ይመረጣል። ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። አለፍን፤ እሪም አላልንም።

«እና ምንድነው የምታስተምሪው?» አለ ሙሌ በመስተዋቱ እያያት።

«ሃርፕሲኮርድ።»

«ሃርፕ... ለሰርግ ይከራያል?»

«አይከራይም።»

«በሱ ፈንታ ምን አስተምሪ አሉሽ?»

«ታይፕ።»

«እና ምን አጣላሽ? የእህቴ ልጅ በታይፕ ነው ቤት የምታስተዳድረው። እዚህ አገር ማመልከቻ የማይጽፍ ማን አለ? ፒያኖ የሚሰማ ደግሞ... ይቅርታ ፋዘር።»

ጋሽ ንጉሤ «ሰውዬው አልተሳሳተም» አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው። «ታይፕ የናቀ ጣት ጣት አይደለም።» ሩሐማ በድንጋጤ አየቻቸው። ያለ ወትሯቸው አቀርቅረው የከረቫታቸውን ቋጠሮ ያስተካክሉ ጀመር።

ኮሌጁ፣ አምስተኛ ፎቅ

የኮሌጁን ስም አልጽፍም። ራሱም በየጊዜው ስለሚቀይረው ጽፌ አልደርስበትም። ከሥሩ ባንክ፣ ከባንኩ በላይ ጂም፣ ከጂሙ በላይ እውቀት። ሊፍቱ «ለጊዜው አይሠራም» ይላል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ንጉሤ በየፎቁ ቆመው ግድግዳውን ያደንቃሉ፤ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ መሆኑን እንዳናውቅባቸው።

የስብሰባው ክፍል ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ለየት ያለ ነው፤ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ እንደ ዳሌ የጎበጠ፣ ጫፉ የጠበበ። ዳንቴል ለብሷል። በላዩ የውሃ ፕላስቲኮች፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ማኅተም።

«እሱ ነው» አለችኝ ሩሐማ በጆሮዬ።

«ማን?»

«ሃርፕሲኮርዱ።»

ጀርመናዊቷ አስተማሪዋ ጡረታ ስትወጣ ነው የላከችላት። በግል ስም ቢገባ ቀረጡ ስለማይቀመስ በኮሌጁ ስም ገባ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዞሮ ዞሮ አየውና «ጠረጴዛ፣ እንጨት» የሚል ምልክት ለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ በሌለ ቀን ሩሐማ አበባውን አንስታ ትቃኘዋለች፤ ታስተምርበታለች፤ አበባውን መልሳ ትወጣለች። አሁን እንግዲህ «መምህርቷ መሣሪያ አላት ወይ?» የሚለውን ለመወሰን አምስት ሰው መሣሪያው ላይ ክርኑን አስደግፏል።

ሰብሳቢው ሰፊ ሰው ነው፤ ድምፁም እንደዚያው። «መምህርት፣ በመጀመሪያ የተባለው መሣሪያ በአካል መኖሩን...»

«ውሃዎን ያንሱልኝ» አለች ሩሐማ።

አነሳ። ዳንቴሉን ገፈፈችው። ከአንገቷ ትንሽ ቁልፍ አወጣች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ወንበር ስባ ወደ ግራ ዘመም ብላ ተቀመጠች። ተጫወተች።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? አንድ የቤተ መንግሥት ዘበኛ የሁሉንም ክፍል ቁልፎች በአንድ ቀለበት ይዞ፣ በምት እየረገጠ፣ በረጅም ኮሪደር የሚሄድ ይመስላል። የሚያለቅስ የለበትም፤ የሚለማመጥ የለበትም። ከታች የጂሙ ብረት ሲወድቅ ይሰማል። ከኮሚቴው አንዷ ሴት የስልኳን ድምፅ አጠፋች፤ ከዚያ በኋላ መላው ኮሌጅ ያጠፋ መሰለኝ።

ስትጨርስ ጋሽ ንጉሤ ቆባቸውን አውልቀው ነበር። ቀረቡ። አንዱን ቁልፍ በኃይል መቱት። ከዚያ በቀስታ ነኩት። እንደገና በኃይል። ድምፁ አልተለወጠም። የሰውየው ፊት ግን ተለወጠ።

«ስሙ!» አሉ ወደ ኮሚቴው ዞረው። «እኔ ዕድሜዬን ያስተማርኩት ፒያኖ ነው። ፒያኖ ይዋሻል። ጣትህ ሰነፍ ቢሆን በጉልበት ትሸፍነዋለህ። ይሄ ግን ብትመታውም ብትዳብሰውም ያው ነው፤ መደበቂያ የለውም! እያንዳንዷ ጣት በሰዓቷ ካልደረሰች ትጋለጣለች። ይህን የሚመስል ነገር በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የነካሁት። እውነቱን ተናገር ብላኛለች፣ እናገራለሁ። ከቡልጋሪያ በፊት ቡና ቤት ነበርኩ። ከቡና ቤቱም በፊት ታይፒስት ነበርኩ! እዚሁ ፒያሳ፣ አንድ ጠበቃ ቢሮ። እነዚህ ጣቶች የተሠሩት በጽሕፈት መኪና ነው። የቡና ቤቱ ፒያኒስት ሲታመም ‹የዚህ ልጅ ጣት ፈጣን ነው› ብለው ወስደው አስቀመጡኝ። ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ይቺ ልጅ የምትነካው ልክ እንደዚያ ነው፤ ልክ እንደ ጽሕፈት መኪና! እኩል፣ ንጹሕ፣ ስህተት የሌለበት!»

ከጋሽ ንጉሤ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ሩሐማ ዓይኗን ጨፈነች።

የሰብሳቢው ፊት በራ፤ በስብሰባ ዘመኑ የምስክር ቃል ሲገባው ይህ የመጀመሪያው ይመስል። «እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ። ነገሩን አቀለሉልን። እንግዲህ ሙያው ከሥሩ አንድ ነው ማለት ነው። ታይፕም ያው፣ ይሄም ያው። ምደባው ይጸናል።»

«አይ! አይደለም! እኔ ያልኩት...»

«በቃለ ጉባኤ ተይዟል ጋሼ።»

ጋሽ ንጉሤ እኔን አዩኝ። ገጣሚ ነህና አንድ ነገር በል ማለታቸው ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አየር ገባ።

ሩሐማ ክዳኑን ቀስ አድርጋ አወረደችው። ቆለፈችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ መለሰችው። ዳንቴሉን አነጠፈች፤ አበባውን መሐል አስቀመጠች፤ የሰብሳቢውን ውሃ አንስታ ፊት ለፊቱ አኖረችለት።

«ሰኞ አልመጣም» አለች።

«መብትዎ ነው፤ ግን ቁልፉን ለንብረት ክፍል ማስረከብ ይኖርብዎታል።»

«ጠረጴዛ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?»

ቦርሳዋን አነሳች። ጋሽ ንጉሤ ጋ ስትደርስ ቆመችና ጎንበስ ብላ «አመሰግናለሁ ጋሼ፤ እውነተኛውን ነው የነገሯቸው» አለቻቸው። በፌዝ ይሁን ከልቧ፣ ነገር መለየት ሥራዬ ነው የምለው ሰውዬ መለየት አልቻልኩም።

ጋሽ ንጉሤ ማንም ያልቆነጠጠውን ክንዳቸውን ያሻሉ። ስልሳ አንድ ቁልፎች ከዳንቴሉ ሥር ቀርተዋል፤ አንዷ ከእሷ ጋር ወጣች። በሩ ተዘጋ።