የእንግዳወርቅ ዱካ

ሙሉዓለም አዲስ አበባ ሳለ ማኅተም ቀራጭ ነበር። የእድሩን፣ የክሊኒኩን፣ የነጋዴውን ስም ላስቲክ ላይ ገልብጦ ይቀርጻል፤ ፊደሉ ቀንቶ የሚነበበው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ዲቪ ደርሶት ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር አሜሪካ ሲመጣ ቢላዎቹን በካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተታቸው። ማኅተም የሚያስቀርጽ ሰው ግን አላገኘም። ክሪስታል ሲቲ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ሥራ ያዘ። ሚስቱ እንግዳወርቅ ደግሞ ዩ ስትሪት ላይ ጊዲዮን የሚባል ሰው የከፈተው ምግብ ቤት ወጥ ቤት ገባች።

የለመደ እጅ አርፎ አይቀመጥም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኅትመት ሠዓሊዎች በጋራ የሚሠሩበት፣ ትልቅ የብረት መጫኛ ያለው ቤት ነበር፤ በእረፍቱ ቀን እዚያ መሄድ ጀመረ። ሥዕል ለማተም መዳብ በአሲድ ማስበላት ደረቱን ሲያሳምመው እሱና ጥቂት ባልንጀሮቹ በመዳቡ ፈንታ የተገኘውን ሁሉ ይሞክሩ ጀመር። የወተት ካርቶን ይዘረጋና የሚያብረቀርቀውን የውስጥ ፊቱን በመርፌ ይጭራል። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ እርጥብ ወረቀት ሲጫንበት ሥዕሉ ይወጣል። ካርቶኑን የምታጥበው፣ የምታደርቀው፣ ፍራሽ ሥር አስተኝታ የምታስተካክለው እንግዳወርቅ ነበረች።

"የሰው ባል ቤት ይገዛል፤ የኔው ቆርቆሮና ካርቶን ይለቅማል" እያለች ትስቅበት ነበር።

ባለፈው የብርድ ወራት እንግዳወርቅ ሞተች። ልቧ ነው አሉ። የተቀበረችው ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉዓለም መርፌም ቢላም አልነካም። ከልጁ ከቤዛዊትና ከአማቱ ከእማማ ደብሪቱ ጋር በአንድ አፓርታማ፣ በር ሲዘጋ እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ ኖሩ።

አንድ ቀን ጊዲዮን ደወለለት።

"ሙሌ፣ ኪራዩን አልቻልኩትም፤ ቤቱን ለቀቅኩ። ውስጡን ሊያፈርሱት ነው። የምትፈልገው ዕቃ ካለ ና ውሰድ።"

"ወለሉን ትሰጠኛለህ?"

"የምኑን ወለል?"

"የወጥ ቤቱን።"

ጊዲዮን ሳቀ። "ሰው ወንበር ይለምነኛል፤ አንተ ሰው የረገጠውን።"

ያ ወለል ግን የድሮ ሊኖሊየም ነበር፤ ከተልባ ዘይትና ከቡሽ የተሠራ፣ ጀርባው ጆንያ የሆነ። እንዲህ ያለው ለቢላ ይታዘዛል። ሙሉዓለም ከምድጃው ፊት አንድ ደህና ቁራጭ ቆርጦ ወሰደ። የምግብ ቤቱን በርና መስኮት ሊቀርጽበት፣ አሌክሳንድሪያ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ሊያቀርበው አሰበ። ከብዙ ወራት በኋላ ያሰበው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ቁራጩን አጥቦ አፓርታማው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፈው።

በሳምንቱ እማማ ደብሪቱ ጠየቁት።

"ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት የሚቆመው ማነው?"

"ማንም የለም እማማ። እኔ ሥራ ነኝ፤ ቤዚም ትምህርት ቤት ናት።"

"ኮቴ እሰማለሁ።"

"ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ይሆናሉ።"

"የሚሄድ ሰው ኮቴ አይደለም" አሉ እማማ ደብሪቱ። "የሚቆም ነው። እግር እየቀያየረ የሚቆም።"

ሙሉዓለም እርጅና ነው ብሎ አለፈው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማውን ሲያስር እሱም ጆሮውን ወደ ወጥ ቤቱ ይጥል ጀመር።

ቅዳሜ ቤዛዊትን ይዞ አሌክሳንድሪያ ሄደ። ከመቅረጹ በፊት የሊኖሊየሙ ፊት ደልዳላ መሆኑን ሊያይ ፈለገ፤ ጥቁር ቀለም በሮለር ስስ አድርጎ ቀባውና ወረቀት አልብሶ በመጫኛው ሥር አሳለፈው። ሊኖሊየሙ ስለደረቀ መሐሉ ላይ ቋ አለ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለጠው።

በጥቁሩ መሐል ሁለት ነጫጭ እግሮች ቆመዋል።

በዚህ ሥራ ቀለም የሚይዘው ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ የጎደጎደው ባዶ ይቀራል። እንግዳወርቅ ምድጃው ፊት የሚነጠፈውን የጎማ ምንጣፍ ያንሸራትታል ብላ ስለምትጠላው ባዶው ሊኖሊየም ላይ ነበር የምትቆመው። ዓይን የማያየው፣ ጣት የማይለየው፣ በዓመታት የተበላ ጉድጓድ ነው። አንደኛው እግር ጥልቅ፣ ሙሉ ክብደት የተሸከመ። ሌላው ስስ፣ ወደ ውጭ ዞር ያለ። አውቶቡስ ስትጠብቅ በረዶ ጥሏት ግራ እግሯን ከተጎዳች ወዲህ በቀኟ ነበር የምትቆመው።

"ዳድ" አለች ቤዛዊት። ቀጥላም በአማርኛ "ማሚ ናት" አለች።

ሙሉዓለም ቢላዎቹን መልሶ ጠቀለለ። ወረቀቱ ሲደርቅ ይዞት ሄደና ሳሎን፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ሰቀለው። ሻይው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ ብሎ አየው።

እማማ ደብሪቱ ከመኝታ ቤታቸው ወጥተው አዩት። ማን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

"አውርደው" አሉ።

"እማማ..."

"የሰው ዱካ አይወሰድም። እኛ አገር ሰው ሊጎዳ የፈለገ የእግሩን አፈር ነው የሚዘግነው። ልጄን አርባዋን አውጥተን፣ ፍትሐቷን አስፈትተን ሸኘናት፤ አንተ ደግሞ እግሯን ይዘህ ትጎትታለህ።"

"እኔ ልጎዳት ነው እንዴ እማማ?"

"እንደማትጎዳት አውቃለሁ። ግን ይዘሃታል።" ጠጋ ብለው ደግመው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። "ደግሞ ምን አደረጋችኋት? የታመመችው ግራዋን ነው። ይቺ የምታነክሰው በቀኟ ነው።"

ሙሉዓለም ቀና ብሎ አየ። እውነት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ሲገለብጥ የኖረ ሰው፣ የሚስቱ እግር መገልበጡን ልብ አላለም።

"እማማዬ፣ ሲታተም ሪቨርስ ይሆናል" አለች ቤዛዊት። "ልክ እንደ መስታወት ነው።"

"መስታወት ቆመሽ የምታዪው ነው" አሉ እማማ ደብሪቱ። "ይሄ ተኝተው የሚያዩት ነው። ወለሉ ብርጭቆ ቢሆንና ከሥሩ በጀርባሽ ብትተኚ፣ ከላይሽ የቆመ ሰው እግር እንዲህ ነው የሚታይሽ።"

አባትና ልጅ ወለሉን አዩ። ሙሉዓለም ሳያስበው እግሩን ከምንጣፉ ላይ አነሳ።

"እኔ ልጄን ከመሬት በታች ሆኜ አላያትም" አሉ አሮጊቷ። "እሷም ከታች ሆና እንድታየን አልፈልግም። ወይ አቃናት፣ ወይ ሊኖሊየሙን አቃጥለው።"

ማቃናት የሚቻልበት አንድ መንገድ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ በታተመው ላይ ሌላ ወረቀት ከተጫነበት፣ ሁለተኛው ወረቀት የተገለበጠውን መልሶ ይገለብጠዋል፤ ደብዛዛ ይሆናል እንጂ ቀኝና ግራው ቦታውን ያገኛል። ለዚያ ግን ሊኖሊየሙ አንድ ጊዜ ደግሞ መጫኛው ሥር መግባት አለበት። ሙሉዓለም ያንን ቋ ያለውን ድምፅ ሰምቷል። ከተሰበረ የእንግዳወርቅ እግር ዳግመኛ አይገኝም።

"ለምን አትተወውም?" አለው አንዱ ሐሳቡ። "ለምን ከአልጋህ ሥር አትደብቀውም?" ያን ሐሳብ ይዞ ብዙ ተገላበጠ። አልጋው ሥር የሚለው ቃል ራሱ አስፈራው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም የወንዙን ድልድይ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ገቡ። እማማ ደብሪቱ መጫኛው አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ሙሉዓለም ቀለሙን ቀባ፤ ወረቀቱን አለበሰ፤ መዘውሩን ቤዛዊት አዞረችለት። ሊኖሊየሙ ጮኸ። ወረቀቱ ሲነሳ ሊኖሊየሙ ከሥሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ እግር ወዲህ፣ አንዱ እግር ወዲያ።

"ቶሎ ዳድ፣ ሳይደርቅ" አለች ቤዛዊት።

እርጥቡን ወረቀት አስተኝቶ በላዩ ላይ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋ። ጠርዙን እሷ ያዘችለት። አሳለፉት። ሲገለጥ ጥቁሩ እንደ ጉም ግራጫ ሆኗል። እግሮቹ ግን አሉ፤ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ፣ ወደ ውጭ ዞር ያለውም በቦታው።

እማማ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው ሳይነኩ በመዳፋቸው ለኩ።

"አሁን ናት" አሉ።

የተገለበጡትን ሁለቱን ወረቀቶች ሙሉዓለም ራሱ ቀደዳቸው። ስባሪውን ሊኖሊየም አማቱ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙ። የት እንዳደረጉት አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም።

የቀናውን ወረቀት ወደ ኤግዚቢሽኑ እንዲወስደው ፈቀዱለት፤ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው ግን አልፈቀዱም።

"ግድግዳ ላይ የሚቆም መንፈስ ነው። ሰው መሬት ላይ ነው የሚቆመው።"

ስለዚህ የመክፈቻው ዕለት በጥርብ እንጨት ወለሉ ላይ፣ ከብርጭቆ ሥር አጋደሙት። ሰዉ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይመጣና እዚያ ሲደርስ ያጎነብሳል፤ ድምፁንም ይቀንሳል። አንዲት ሴት የማን እግር ነው ብላ ሙሉዓለምን ጠየቀችው። "የሚስቴ፣ ሥራ ላይ ሆና" አላት። የሞተች መሆኗን አልጨመረም።

እማማ ደብሪቱ ከዱካው አጠገብ ቆመው ክፍሉን አዩ።

"ሲዘጉ መብራቱን ያጠፉታል?"

"ያጠፉታል እማማ።"

"እንግዲያው እስኪዘጉ አብረናት እንቆይ" አሉ፤ ቤዛዊትም ወንበር ልታመጣላቸው ሄደች።