እህቴን የቃል ክፍሎች ያስጠናሁበት ዓመት

እህቴን የእንግሊዝኛ የቃል ክፍሎች ያስጠናኋት መርሳ ላይ ማንጎ እየሸጥን ነው። ሌላ ጊዜ አልነበረንም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ሲቆም ሳህናችንን ይዘን ወደ መስኮቱ እንሮጣለን፤ ሲሄድ ተመልሰን ዛፉ ሥር እንቀመጣለን። ትምህርታችን በመሃሉ ባለችው ጊዜ ነው።

ሁለታችንም አሥረኛ ክፍል ነበርን። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አባታችን ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ ስለነበር ደረስኩባት። ፓስፖርት ወጥቶላታል፤ ደላላው የጅዳ ቪዛ እያስጨረሰላት ነበር። እማ ቁርጡን ነግራታለች፦ «ማትሪክ ካለፍሽ ወልድያ መሰናዶ ትገቢያለሽ፤ ወላሂ አልከለክልሽም። ከወደቅሽ ግን ትሄጃለሽ።»

እህቴ መሄድ አልፈለገችም። የጎረቤታችን ልጅ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል፤ የልጅቷን እናት ባየች ቁጥር እህቴ መንገድ ትቀይር ነበር። ሌላውን ትምህርት ትችለዋለች። የምትፈራው እንግሊዝኛን ነው።

መፍራቷ አይፈረድባትም። ያኔ የምንማረው በፕላዝማ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ትንሽ ዝም ይላል፤ ማንም አፉን ሳይከፍት «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ይቀጥላል። እህቴ «ኧረ በአላህ! ምን አልኩና ነው የሚያመሰግነኝ?» ትል ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰውየውም አብሮ ይጠፋል። የክፍላችን ቲቸር በተረፈችው ደቂቃ የቃል ክፍሎቹን ትርጉም ሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል፤ እኛም እንሸመድዳለን።

እሷ ደግሞ ሽምደዳ ታውቅበታለች። ቁርኣን በቀራንበት ዜማ፣ ወደፊት ወደኋላ እየተወዛወዘች፣ «ኤ ናውን ኢዝ ኤ ኔም» ብላ ትጀምርና ስምንቱንም ትወጣቸዋለች። አንዲት ፊደል አትስትም። ዓረፍተ ነገር ተሰጥቷት ቅጽሉን አውጪ ስትባል ግን ላብ በላብ ትሆናለች።

«ይሄን መወዛወዝ ተይው» አልኳት አንድ ቀን፣ ተናድጄ። «ማንጎ ስም ነው። መሸጥ ግስ ነው። የበሰለ ስትይ ቅጽል ነው፤ ማንጎው ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግርሻል። ቶሎ ስትይ ተውሳከ ግስ ነው፤ እንዴት እንደተሸጠ ይነግርሻል።»

«ይሄማ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነው የሚጠፋኝ።»

«እሺ፣ ዋተር ምንድን ነው?»

«ውሃ። ስም።»

«አትክልቱን ሲያጠጡትስ? ያም ዋተር ነው። ያኔ ግስ ይሆናል።»

«ያው ቃል?»

«ያው ቃል። ለብቻው አትመልከቺው። የት እንደቆመና ምን እንደሚሠራ እይ።»

«እንደ እኔ በይኛ! ቤት ስገባ ሠራተኛ፣ እዚህ ነጋዴ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! አንድ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ውድ ነው» ቢላት «ቅጽል ነው!» ብላ ጮኸችበት። ሰውየው ሰደበችኝ ብሎ ደነገጠ። እኔ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ እንጃ።

ፈተናው መጣ፤ ሄደ። ውጤት ሲነገር እህቴ አልፋለች። እኔ ወድቄያለሁ።

ጉድ በል መርሳ! አስጠኚዋ ወደቀች። እስካሁን የምጠረጥረው አንድ ጥያቄ ዘልዬ መልስ መስጫው ላይ ክቡን አለመዝለሌን ነው፤ ከዚያ በታች ያጠቆርኩት ሁሉ ቦታውን ስቶ ይሆናል። ይሁን አይሁን አላውቅም። ወረቀቱን ማን ያሳያል?

እማ ቀና ብላ ሳታየኝ «እንግዲህ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ፓስፖርቱ ላይ ዕድሜሽ ይጨመርበታል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ደንዝዤ ሳህኖቹን አጠብኩ።

በማግሥቱ ደላላው ከውርጌሳ መጣ፤ ሽማግሌ ነው።

«ትልቋ አልፋለች። ትንሿን ይውሰዱልኝ» አለችው እማ።

«ቪዛው የወጣው በትልቋ ስም ነው። ትንሿ እንደ አዲስ ነው የምትጀምር» አለ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች እህቴ፣ ከበሩ ላይ። «እሷ ደግማ ትፈተን።»

«አልፈሻል እኮ! ቃል ሰጥቼሻለሁ!» አለች እማ።

«ቃልሽን ለእሷ ስጫት።»

እኔ ተይ፣ አትሂጂ አላልኳትም። ልል ፈልጌ ነበር። የሄደች ቀን ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ መስኮት ሥር ቆሜ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ማንጎ ይዘው እየተጋፉ ከመስኮቱ አራቁኝ። እህቴ በእጇ ሂጂ፣ ግቢ አለችኝ። ገባሁ።

በዓመቱ ደግሜ ተፈተንኩና አለፍኩ። ወልድያ መሰናዶ ከመግባቴ በፊት እህቴ ከጅዳ በጎረቤት ስልክ ደወለች።

«እንግሊዝኛውስ?» አለች፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

«ኤ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!»

ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ጮኻ ተጣራች። የጠራችው ስም የእህቴ ስም አይደለም። እህቴ ግን ቶሎ ብላ፣ በዓረብኛ፣ አቤት አለች።