ሁሉንም «አዎ» ያለው ተከሳሽ

በጅማ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ አለቃዬ ዶክተር ሙሉ ወንበር አስደረደሩኝ። ተመርማሪው አጃቢ ፖሊሱን በማያይበት አቅጣጫ መቀመጥ ነበረበት። «ሰው የሚመልሰው ለወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ላለው ሁሉ ነው» አሉኝ።

ፍርድ ቤት የሚልክልን ሰዎች በሚመልሱት መጠይቅ ውስጥ የመልሱን እውነተኛነት የሚፈትሹ ጥያቄዎች አሉ። የስብዕና መታወክ ሲኖር ግን ውጤቱን ማንበብ ይከብዳል። አንዱ እያሳቃችሁ የሚጠቅመውን ብቻ ይመርጣል። ሌላው የእውነት ሕመሙን ያጋንናል፤ ካላጋነነ የሚሰማው ያለ አይመስለውም።

ከሸቤ የመጣው ነዚፍ ከሁለቱም አልነበረም። እዚያው ሸቤ ያለ የቡና መጋዘን አቃጥሏል ተብሎ ተከሷል፤ ለፖሊስም አምኗል። ፍርድ ቤቱ የላከልን አእምሮው እንዲመረመር ነው። ጥያቄዎቹን በአፋን ኦሮሞ አነበብኩለት። ሰው ሳይኖር ድምፅ ትሰማለህ? «ኤዬ፣ ዶክተር።» አዎ ማለቱ ነው። ዶክተር እንዳልሆንኩ ነገርኩት። «ኤዬ፣ ዶክተር» አለኝ።

ውጤቱ ከልክ ያለፈ ማጋነን አሳየ። ዐቃቤ ሕጉ ደወለልኝ። «እያስመሰለ ነው ብለህ ጻፍና እንገላገል። ይሄ ቀልደኛ!»

በሁለተኛው ቀጠሮ ፖሊሱን ኮሪደር ላይ አስቀመጥኩት።

«ነዚፍ፣ ክፍሉ ሞቀህ?»

«ኤዬ።»

ትንሽ ቆይቼ «በረደህ?» አልኩት።

«ኤዬ።»

«መጋዘኑን አንተ አቃጠልከው?»

«ኤዬ።»

«ያን ቀን እዚህ ጅማ ነበርክ?»

«ኤዬ።»

ምግብ የሚያመላልሱለትን አጎቱን አባ ተማምን ጠየቅኳቸው። «ከልጅነቱ እንዲህ ነው። ሰው እንዳይቀየመው ይፈራል። ጫማ እንኳ እኔ ካልመረጥኩለት አይገዛም። ወላሂ፣ በግ ነህ ቢሉት ሣሩ የት አለ ነው የሚልዎት!»

ችሎት ላይ ዳኛዋ «ታዲያ ዋሽቷል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ክብርት ዳኛ፣ የሚዋሽ ሰው የሚጠቅመውን ይመርጣል። ነዚፍ የሚጎዳውንም ተቀብሏል። የጥገኝነት የስብዕና መታወክ አለበት፤ ሰው እንዳይቀየመው ለሁሉም አዎ ይላል። በዚህ መጠይቅ ድምፅ ይሰማልም፣ እያስመሰለ ነውም ማለት አይቻልም።»

«ለፖሊስ የሰጠው ቃልስ?»

«እሱን የሚመዝነው ፍርድ ቤቱ ነው። ጥያቄው እንዴት እንደቀረበለት ግን ቢታይ ጥሩ ነው።»

የፖሊስ መርማሪው ተጠርቶ «አንተ ነህ አይደል?» ብሎ እንደጠየቀው ተናገረ። ሌላ ማስረጃ አልቀረበም። ነዚፍ ተለቀቀ።

ዐቃቤ ሕጉ በር ላይ ጠበቀኝ። «ወንጀለኛ አስለቀቅክ!»

«ሊሆን ይችላል» አልኩት።

መጋዘኑን ማን እንዳቃጠለው ዛሬም አላውቅም። ፈተናው ሰው እንዴት እንደመለሰ ይነግራችኋል። ምን እንዳደረገ አይነግራችሁም።