የበረንዳው ግድግዳ

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ ከአዲሶቹ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ለእሱና ለሚስቱ ቤት ደረሳቸው። ልብስ ሰፊዋን ሚስቱን ከፍታው ሲያስፈራት እሱ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ መንገዱን ቁልቁል እያየ፣ ያለ ተራው የቀደመውን መኪና ሁሉ ይራገም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ደም ግፊት ጣለው። ነፍሱ ብትተርፍም ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ሊፍቱ የሚቆመው በሁለት ፎቆች መካከል፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ መሆኑን ሚስቱ ልብ ያለችው ከሆስፒታል የተመለሰ ዕለት ነው። በጤና ዘመን ማን ያስተውለዋል? ዊልቸሩም በሊፍቱ በር አልገባ አለ። ጎረቤቶች እንደ ቁም ሣጥን ተሸክመው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ መሬት አልረገጠም።

የቀረችው በረንዳዋ ነበረች። ገፍታ ስታወጣው ግን ግድግዳው ከዐይኑ በላይ ሆነበት። ድፍን ሲሚንቶ ነው፤ ለተቀመጠ ሰው ከሰማይ በቀር ምንም አያሳይም። ጣቱን ወደ ታች እየጠቆመ "መ... መንገድ" ይላታል። ትራስ ደራርባ ብታስቀምጠው እየተንሸራተተ አስቸገራት።

አንድ ቀን የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ንድፉን ያወጣው መሥሪያ ቤት ለሚቀጥሉት ሕንፃዎች አስተያየት ሊሰበስብ ነው ተባለ። አንዱ ቀለሙን ጠላው። አንዷ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ ከጎረቤቷ ጋር በአንድ ገበታ የሚበሉ እንደሚመስላት ተናግራ ሰዉን አሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ተራዋ ሲደርስ የባሏን ነገር አስረዳች፤ የበረንዳው ግድግዳ ከላይ ተቆርጦ በብረት ፍርግርግ እንዲተካላት ለመነች።

ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው አርክቴክት ወጣት ናት፤ ክፉም አልነበረችም። "ልክ ነዎት እናቴ፤ በሚቀጥሉት ሕንፃዎች እናስተካክለዋለን" አለቻት። ያለቀውን ግን አንዱ ከነካው ሁሉም ስለሚነካው፣ መልኩ ይበላሻል ብላ አዘነች።

"እኔ በሚቀጥለው ሕንፃ ውስጥ ባል የለኝም" አለችና ሰፊዋ ተቀመጠች። ቀልድ መስሏቸው የሳቁም ነበሩ።

በማግስቱ ከአንድ ግንበኛ መዶሻና መሮ ተውሳ ግድግዳውን ትወቅረው ጀመር። እጇ ለመርፌ እንጂ ለመዶሻ አልለመደም፤ ጣቷ ደማ። በቀዳዳው ብርሃን ብቅ ሲል ባሏ ያልሞተ እጁን ዘርግቶ "በርቺ" ዓይነት ድምፅ አሰማ። አንድ ጊዜ አጥብቃ ብትመታው ስባሪው ወደ ውጭ አመለጣት። ከታች የሴት ጩኸት ተሰማ። ብቅ ብላ ስታይ አንዲት እናት ልጇን እቅፍ አድርጋ ቆማለች፤ ስባሪው ከእግሯ ሥር ተፈረካክሷል። መዶሻው ከእጇ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ጥበቃውና የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ እያለከለኩ መጡ። ሰብሳቢው "ሰው ገድለው ቢሆንስ ኖሮ?" አላት። እሷም ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሹፌሩ ግን ግንባሩን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ መኪኖቹን ያያል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ጥበቃው ያን አይቶ ፊቱን አዞረ።

ብዙም ሳይቆይ ለሳኝ መጥቶ ቀዳዳውን ደፈነው። ቀዳዳው ሲደፈን ሹፌሩ እያየ ነበር። ከዚያ ወዲያ በረንዳ ልውጣ ብሎ ጠቁሞ አያውቅም፤ ጉርሻ ሲሰጡትም አፉን ይገጥማል።

የሕንፃው ምድር ቤት ሁሉ ሱቅ ስለሆነ ቤቷን በምድር ቤት የሚለዋወጣት ነዋሪ አልተገኘም። አሁን ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ቤት ፍለጋ ትዞራለች። ትናንት አንዷ አከራይ የት እንደምትኖር ጠይቃት ከላይ እስከ ታች ገረመመቻትና፣ "ፎቅ ቤት ይዘሽ ጭቃ ቤት የምትፈልጊው ጤና የለሽም እንዴ?" አለቻት።

"እኔስ ጤነኛ ነኝ" አለች ሰፊዋ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሌላ በር ሄደች።