የጭላዳው ጥያቄ

ወንድሜ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። ሰው ሁሉ «ጎበዝ ነበር» ይለኛል። ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። በሕይወት እያለ ለምን አላሉትም?

በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። መሐል ሜዳ አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምንማረው። ከሬዲዮ የሰማውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፤ የሯጮችን ሰዓት፣ የሠዓሊዎችን ሕይወት፣ ልብ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ ወተት ለምን እንደሚረጋ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አሸንፎ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ደብረ ብርሃን መሄድ።

በመጨረሻው ዙር ከአንዲት ልጅ ጋር እኩል ነጥብ ያዙ። እሷ የመጨረሻ ጥያቄዋን መለሰች። የእሱ ቀረ። ጠያቂው መምህር ከወረቀቱ አነበቡ፤

«የጭላዳ ዝንጀሮ ዋና ምግብ ምንድን ነው?»

«ሳር» አለ ወንድሜ። «ሲያገኝ ደግሞ የእኛን ገብስ።»

አዳራሹ ሳቀ። መምህሩ ወረቀቱን አዩ።

«ተሳስተሃል። ፍራፍሬ ነው።»

«ቲቸር፣ መንዝ ውስጥ ምን ፍራፍሬ አለ? ጓሳ ሄደው ይዩት እንጂ! ቀኑን ሙሉ ሳር ሲነጭ ነው የሚውለው።»

«አንተ ከወረቀቱ ትበልጣለህ? ቁጭ በል!»

ተቀመጠ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ሄደች። የእሱ ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሳር በላ» ሆነ። በየመንገዱ እንደዚያ እያሉ ይጠሩት ነበር። ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ዳግመኛ አላየሁትም። በዓመቱ ጉበቱን ታመመ። ከዚያ… ሞተ።

መምህሩ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ፣ አባቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ «የጠቅላላ ዕውቀት ኮከባችን ነበር» አሉ። አልቻልኩም።

«ቲቸር፣ ጭላዳ ምን ይበላል?»

«ተው አንተ ልጅ!» አለ አባቴ። «ሊያስተዛዝኑን ነው የመጡት።»

«ይመልሱልኝ።»

መምህሩ አቀረቀሩ። «ሳር» አሉ።

«ያኔም ያውቁ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? መልሱ ተጽፎ የመጣ ነው። ምን ላድርግ?» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ? አዳራሹ ውስጥ አልነበርክም?»

ነበርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያውቅ ነበር፤ እጁን ያወጣ ግን አንድም የለም። እኔም አላወጣሁም። «ሳር በላ» ሲሉትም አብሬ ስቄያለሁ።

ይህን መጻፍ ስጀምር በመምህሩ እንደተናደድኩ ነበር የማስበው።