ሥጋ አዟሪው

ጋሽ ዞሮ-ገጠም አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከፍም ፊት ቆሞ ሥጋ ሲያዞር ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ደንበኞቹ ከረሱት ቆይተዋል። በጉን እንዳለ በረጅም የብረት ዘንግ ይሰካና እጀታውን ይዞ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ያዞረዋል። ቸኩለው ካዞሩት ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ከተዘናጉ ደግሞ ስቡ ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ ነበልባል ይጠራል። እሱ ግን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ጠብታውን በመስማት ብቻ መቼ ፈጠን፣ መቼ ዘግየት እንደሚል ያውቃል። ምን ያደርጋል፣ ይህ ሁሉ ጥበብ ስም አልነበረውም። የጠየቀውም ስላልነበር አልጎደለበትም።

ስም ያስፈለገው የሠራተኞች ካርድ የመጣ ጊዜ ነው። እስከ ዓርብ ካርድ ያልያዘ ሰው እሳት ፊት አይቆምም ተባለ። ኮቱን ለብሶ ካርዱ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደ።

«ሙያዎ፣ አባባ?» አለችው መዝጋቢዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«ሥጋ አዟሪ።»

አሁን ቀና አለች። «በየመንገዱ? እሱማ ክልክል ነው!»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ አልዞርም፤ የሚዞረው ሥጋው ነው።»

«ማን ይዞት?»

«እኔ።»

«ታዲያ ያው አዟሪ ነዎታ!»

ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ የሰዋስው መምህር ናቸው፤ ግሥ ማርባት ከጀመሩ ምሳቸው ትዝ አይላቸውም። ችግሩን ሲነግራቸው ዐይናቸውን ጨፈኑ። «አሽከረከረ፣ ያሽከረክራል፣ አሽከርካሪ! ሂድ፣ እንከን የማይወጣለት ቃል ነው» አሉት። ሐሙስ ከሰዓት ቃሏን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ይዞ ሄደ።

«ሥጋ አሽከርካሪ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«መንጃ ፈቃድ ይዘዋል?»

ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ «ጋሼ፣ ጠባሽ ይበሉና ይገላገሉ!» ብሎ ጮኸ። ጠባሽ በጎረምሶች አፍ ሴት አግባቢ ማለት እንደሆነ ጋሽ ዞሮ-ገጠም ያውቃል፤ ሚስቱ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ታውቃለች። አይሆንም አለ።

ቢሮው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። «እንግዲህ ነገ እዚያ እሳት ፊት ማን ሊቆም ነው?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። መዝጋቢዋ ፊቱን አይታ እስክሪብቶዋን አነሳች። ከቅጹ ግርጌ ማንም የማይነካት አንዲት ሳጥን ነበረች፤ እሷ ላይ ምልክት አደረገችና ማኅተሙን መታችለት።

ዞሮ ዞሮ ከቤት ነውና፣ ካርዱን ይዞ ገባ። ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«ሙያ፦ ሌላ። ሌላ ምን?»

«ሌላ ነዋ፣ በቃ።»

«ማነው ሌላው?»

«እኔ ነኛ!»

«እሰይ! ይህን ሁሉ ዘመን ከሌላ ሰው ጋር ነው የኖርኩት በለኛ!»

ዓርብ ረፋድ ላይ «ሌላው» ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዘንጉን ያዘ።